ኮንዶሚኒየሟ ዊንች ይግባላት ወይስ ይቅርባት?

ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር ብዙ ነው። አንዱ በፍቅር ያጣል፣ አንዱ በጥርስ ሕመም፣ አንዱ ደግሞ በጎረቤቱ ውሻ። እኔ ያጣሁት በብረት ነው። ያውም ባልገዛሁት ብረት። የገዛሁት ብረትማ መች አስጨንቆኝ ያውቃል? ዝገቱን እያየሁ በሰላም እተኛለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ልግዛው አልግዛው የምለው ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመኪናዋ ልጀምር። ካዛንቺስ ውስጥ ብዙ አባወራ የምንኖርበት የቀበሌ ግቢ አለ። በሩ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ሐሜቱም አንድ ነው። በዚህ ግቢ መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። የሸጠልኝ አንድ ፈረንጅ ነው። አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመኪና ሊያካልል ከአገሩ ተነሳና ካዛንቺስ ሲደርስ ደከመው። ካዛንቺስ ደርሶ የደከመው የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም፤ ቡና ቤቶቹ ይመስክሩ። መኪናዋን ለኔ ትቶ እሱ በአውሮፕላን አገሩ ገባ።

መኪናዋ ተራ መኪና አይደለችም። አፍንጫዋ ጠፍጣፋ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ አሮጌ ቫን ትሁን እንጂ ውስጧ ቤት ነው። አልጋ አላት። የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ መስኮቶቿ ላይ አበባ የታተመበት መጋረጃ። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅበት ዘመን ነበርና የግቢው ሰው ስም ለማውጣት አልተቸገረም። "ኮንዶሚኒየሟ" አሏት። "እሱማ ዕጣው ወጥቶለታል፣ ያውም ባለ ጎማ!" እያሉ ጎኗ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ባለቤቴ ሮማን እንኳ ስትቆጣ "ያቺን ኮንዶሚኒየምህን ከበር ላይ አንሳልን" ነው የምትለኝ። እንደ ሰው "መኪናህን" ብላ አታውቅም።

እንግዲህ መኪናዋን በገዛሁ ሰሞን ትርፍ አንጀቴ ፈነዳ። በሰኔ ነው። እኔ የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ፣ ሮማን ውጭ እያለቀሰች፣ የሮማን እናት እማማ ደብሪቱ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበረከኩ። የትውልድ አገራቸውን ሚካኤል ጠርተው፣ "ይህን ልጅ ካስነሳህልኝ ጃንጥላ አስይዤ ደጅህ ላይ አቆመዋለሁ" ብለው ተሳሉ። ተነሳሁ። እኔ እንኳ "የዶክተሩም እጅ አለበት" ለማለት ሞክሬ ነበር።

"እጁንስ ማን ያዘለት?" አሉኝ እማማ።

ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ገዝተው መጡ። በላስቲክ ጠቅልለው ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ አልጋው ላይ አጋደሙት። በቤታችን ፍራሹ ያልጎደጎደ አልጋ እሱ ብቻ ነበር። እኔም በደስታ፣ ገና ቁስሌ ሳይጠግግ፣ በሰው ፊት ቃል ገባሁ። "እማማ፣ በአውቶቡስ አይንገላቱም። በራሴ መኪና፣ አልጋ ላይ አስተኝቼ ነው የማደርስዎት!" አልኩ። ሰው ከማደንዘዣ ሲነቃ የሚናገረው ነገር በሕግ ባይያዝበት ጥሩ ነበር።

ቦታው መንዝ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ። እማማ እንዳጫወቱኝ ቤተ ክርስቲያኑ ከመድረሱ በፊት ዋልካ የሆነ ቁልቁለት አለ፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ የሚይዝ ጥቁር አፈር። በልጅነታቸው አንድ በሬ ገብቶበት ጭራውን ጎትተው ነው ያወጡት። በዓሉ ደግሞ የሰኔ ሚካኤል፣ ዝናብ መግቢያ። "ለምን ለኅዳር ሚካኤል አናደርገውም? ያኔ መንገዱ ደረቅ ነው" አልኳቸው።

"በሰኔ የተለመነ በሰኔ ይገባል" አሉና ዘጉት። ከአማት ጋር ስለ ወር የሚከራከር የለም።

ቀጣዩ ሰኔ ሲቃረብ መኪናዋን አጠብኩ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ መጋረጃዋንም አሳጠብኩ። ይኸኔ ነው ጎረቤታችን አቶ ካሳዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የመጡት። አቶ ካሳዬ በጡረታ የተገለሉ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአሰብ መንገድ ነው፤ ዛሬም ከቤታቸው እስከ ቧንቧው ሲሄዱ ማርሽ የሚቀይሩ ይመስላሉ። መኪናዋን ዞሯት። ጎማዋን ረገጥ አደረጉት። ከዚያ ሕይወቴን የበጠበጠችውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ዊንች አላት?"

"ምን አላት?"

"ዊንች። ከፊቷ የሚታሰር መጎተቻ። ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ የብረት ገመዱን ዘርግተህ ዛፍ ላይ ታስራለህ። ቁልፉን ስትጫን ገመዱ ይጠቀለልና ራሷን በራሷ ጎትታ ትወጣለች። ዊንች የሌላትን መኪና ይዘህ ዋልካ ልትገባ? ያውም አማትህን ይዘህ?"

በቃ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያስገባ ነበር፣ ወይ ይተወው ነበር። እኔ ግን የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የጥናትና ዕቅድ ክፍል ነው። በእኛ ክፍል ነገር አይወሰንም፤ ይጠናል። ባለጉዳይ ሲመጣ "በጥናት ላይ ነው" እንለዋለን፤ ሲመለስም "በጥናት ላይ ነው" እንለዋለን፤ ከዚያ አይመለስም። ይህ አሠራር ለመሥሪያ ቤታችን ሰላም አምጥቶለታል። ቤቴ ግን ይዤው ስገባ ሌላ ሆነ።

የዚያን ዓመት የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና "ተነሳ፣ እንሂድ" አሉ።

"እማማ፣ የዊንቹ ጉዳይ ገና በጥናት ላይ ነው።"

"ሚካኤል ጥናት ያውቃል?"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል እኮ እማማ።"

"ያልቸኮለውስ ምን አፈሰ?" ብለው ነጠላቸውን አውልቀው አጣጥፈው አስቀመጡት። ሮማን ደግሞ ከጓዳ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" ስትል ሰማኋት። የዚያ ዓመት ሰኔ እንዲሁ አለፈ።

ከዚያ በኋላ እኔ ሰው አልነበርኩም። መቀመጥ አቃተኝ። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ማስታወሻ ሲይዝ እኔ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረች ቫን እስላለሁ። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ሹፌሩን "ይቅርታ፣ አንተ ብትሆን ታስገባለህ?" እለዋለሁ። ከካዛንቺስ ኦሎምፒያ በእግሬ ስሄድ "ይግባላት" ብዬ ወስኜ እደርሳለሁ፤ ስመለስ "ይቅርባት" ብዬ ወስኜ እገባለሁ። ይባስ ብሎ ዛፍ ማየት አቃተኝ። ማለቴ፣ እንደ ሰው ማየት አቃተኝ። እሑድ ኡራኤል ቅዳሴ ቆሜ ዓይኔ ቅጥሩ ውስጥ ያለው የጽድ ዛፍ ላይ ይተከላል፤ ይህ ግንድ ገመድ ቢታሰርበት ይችላል ወይስ ይነቀላል እያልኩ ወንጌሉ ያልፈኛል።

አንድ ቀን ይህንኑ ጭንቀቴን ለእማማ ነገርኳቸው። "እዚያ ቁልቁለት ላይ ያለው ዛፍ ምን ዓይነት ነው? ጽድ ነው? ባሕር ዛፍ ነው?"

"እዚያ ዛፍ የለም" አሉኝ።

"እንዴት የለም?"

"የለማ! ገደልና ሰማይ ነው። ዛፍ ቢኖርማ በሬው መች ይሰምጥ ነበር፤ ጥላው ሥር ይተኛ ነበር።"

አስቡት እንግዲህ። የዛፍ ነገር ሲነሳ ጥናቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። አቶ ካሳዬ "ካስማ ትይዛለህ፣ መሬት ትመታለህ፣ እሱ ላይ ታስራለህ" አሉ። ካስማውን መሬቱ ከለቀቀውስ? "ትልቅ ካስማ ትይዛለህ።" ትልቁን የሚመታው መዶሻስ? "ትልቅ መዶሻ።" አቶ ካሳዬ ዘንድ ጭንቀት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉ ነገር ትልቁ አለው።

ቂርቆስ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ሰው አሉ፤ ቤታቸው ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት ነው። ሱቃቸው ግድግዳ ላይ አንድ ያገለገለ ዊንች ተሰቅሏል። ብዙ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። በመጨረሻ ሐጂ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

"ስማኝ ልጄ፣ አትግዛው።"

"ሐጂ፣ ሻጩ እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

"ሻጭ ነኝ፤ ጎረቤትም ነኝ። ይሄ ብረት ከባድ ነው። ያንተ መኪና ፓራውልት፣ የፊት መከላከያዋ ማለቴ ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ይሄን ብትሰቅልባት አፍንጫዋ መሬት ይስማል። ደሞ ባትሪ ይበላል። ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልግሃል። ባትሪውን የት ታደርገዋለህ?"

"አልጋው ሥር።"

"አልጋው ሥር ውሃ ማጠራቀሚያው አለ።"

"እንግዲያው አልጋው... አልጋው ይነሳል።"

"አልጋው ከተነሳ አማትህ የት ይተኛሉ?"

አማቴን አልጋ ላይ አስተኝቼ ለመውሰድ መኪናዋ ዊንች ያስፈልጋታል፤ ዊንች ለማስገባት ደግሞ አልጋው መውጣት አለበት። ሐጂ ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ ዊንቹን ቀና ብዬ አይቼ፣ እንደመጣሁ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሰኔ ሲገባ እማማ ክርክር ተዉ። በዚያ ፈንታ ማለዳ ማለዳ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ጃንጥላውን ከአልጋው አንስተው ታቅፈው፣ የኮንዶሚኒየሟ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በሩን ይዘጋሉ። ፊት ለፊት ያዩታል፤ የግቢውን ግድግዳ ማለቴ ነው። ምሳ እዚያው ይቀርብላቸዋል። ጀምበር ስትጠልቅ ይወርዳሉ። የግቢው ሰው ውሃ ሊቀዳ ሲያልፍ በመስኮት "እማማ፣ እንዴት ነው መንገዱ?" ይላቸዋል። "ገና ነን" ይላሉ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብዬ ላጽናናቸው ስሞክር፣ "እንቁላሉስ ሄዷል፤ እኔ ነኝ መኪና ውስጥ የቀረሁት" አሉኝ።

ሮማን ከዚህ በላይ አልቻለችም። ሽማግሌ ጠራችብኝ። አዎ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች። አቶ ካሳዬ መጡ፣ ሐጂ ሰይድ መጡ፣ የንስሐ አባታችን አባ ተክሌም መጡ። ሳሎናችን ውስጥ ሻይና ዳቦ ቀርቦ፣ አባ ተክሌ ስለ ሰላም ጸለዩ፣ ሐጂም "አሚን" አሉ። ከዚያ ሮማን ቆመች።

"አባቶቼ፣ እናቴ ስለት አለባት። ወይ ይውሰዳት፣ ወይ አልችልም ይበላት። ከዚህ ሌላ የጠየቅሁት የለም።"

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉኝ አባ ተክሌ።

"እኔ እምቢ አላልኩም አባ። የዊንቹ ጉዳይ ነው።"

ይቺን ቃል ባልተነፈስኩ! አቶ ካሳዬ የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ።

"እሱ ላይ ልክ ነው። ዊንች የግድ ነው። እኔ በአሰብ መንገድ..."

"ካሳዬ፣" አሉ ሐጂ፣ "ያ ተሳቢ ነው። ይቺ ሳሎን ቤት ናት።"

"ሳሎንም ብትሆን ጭቃ አያዳላም!"

"ዊንቹ ራሱ ነው ጭቃ ውስጥ የሚከታት!"

"አንተ ዕቃ ትሸጣለህ እንጂ መንዳት መች ታውቃለህ?"

"አንተስ ስንቱን መኪና ነው የገለበጥከው?"

ሮማን "አባቶቼ፣ የመጣችሁት እኮ..." ብትል ማን ሰምቷት። አባ ተክሌ ያስታርቃሉ ብዬ ዞር ስል፣ ጢማቸውን እያሻሹ "ለመሆኑ ገመዱ ስንት ክንድ ነው?" አሉኝ። አቶ ካሳዬ ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ። ሐጂ ሰይድ ተከትለው ወጡና ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዱ። ስንት ዓመት በአንድ ሠፈር በፋሲካም በኢድም ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች በእኔ ዊንች ተኳረፉ።

ሮማን ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ሽማግሌዎቹን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ፍለጋ ወጣች። ከተመረጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ምን ላድርግ? ነገሩን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም ተባለ። ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ "አባቶቼ፣ ጎረቤት በብረት አይለያይም" አልኳቸው። ሮማን በዓይኗ በላችኝ። እርቁ በሁለት ነጥብ ተፈጸመ፤ ለአቶ ካሳዬ ክብር ሲባል ዊንቹ ይገባላታል፣ ለሐጂ ክብር ሲባል ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሳትሞከር አትወጣም። ሐጂ ራሳቸው "ሞክረው፤ ካልሆነ ትመልስልኛለህ" ብለው ከግድግዳው አወረዱት። ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ እውነቱን እናገራለሁ፤ ዊንቹን ያስገባሁት ወስኜ አይደለም። የሁለት ሰዎች እርቅ ነው።

ቂርቆስ ጋራዥ ገባች። አልጋው ተነሳ፣ ባትሪው በቦታው ገባ፣ ዊንቹ ፊቷ ላይ ታሰረ። ስትወጣ ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ መሬት ላይ የጣለችውን ነገር የምትፈልግ ትመስል ነበር። እማማ አልጋው ቦታው ላይ እንደሌለ አዩ። ጃንጥላቸውን ታቅፈው የፊት ወንበር ላይ ወጡ። "የት ነው?" አሉኝ። "ለሙከራ ነው እማማ፣ ይውረዱ" ብላቸው፣ "ከወረድኩ ሰኔ ያልፋል" ብለው ቀበቷቸውን አሰሩ። በዓሉ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ያን ሰሞን ኡራኤል አካባቢ መንገዱ ተቆፍሮ፣ ዝናቡ ሞልቶት፣ ሠፈሩ ወደብ መስሎ ነበር። ከርቀት ግርግር አየሁ። አንድ ሰው የሞላ ሚኒባስ ታክሲ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። ተሳፋሪው ወርዶ ዳር ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ራሱን ይዟል። ለዚህ ቀን ነበር ያን ሁሉ የተጨነቅሁት! ጥሩምባ እየነፋሁ ደረስኩ። "ዞር በሉ! ዞር በሉ! ዊንች አለኝ!" አልኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሕዝቡም ዞር አለ። ገመዱን ዘርግቼ ታክሲው ኋላ ላይ አሰርኩ፣ ረዥም ሽቦ ያለውን ቁልፍ ይዤ እንደ መሐንዲስ ዳር ላይ ቆምኩ፣ ተጫንኩ።

ገመዱ ተወጠረ። ዊንቹ አጓራ። ታክሲው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ኮንዶሚኒየሟ ናት። ከነአማቴ፣ ከነመጋረጃዋ፣ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተች በእርጋታ ወደ ቦዩ ትሄዳለች።

"ኧረ ጎታቹ ተጎተተ!" አለ አንዱ።

"ሰውዬ፣ ቁልፉን ልቀቀው!"

ልልቀቀው? ወይስ አልልቀቀው? ብለቀው ገመዱ ላልቶ መኪናዋ ወደ ጎን ብትዞርስ? ብይዘው ደግሞ ምናልባት ታክሲው ሊነሳ ይችል ይሆናል። የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት በማመዛዘን ላይ ሳለሁ የኮንዶሚኒየሟ አፍንጫ ውሃው ውስጥ ገባ። ፓራውልቷ ጮኸና ከነዊንቹ ተገንጥሎ ወደቀ።

የታክሲው ሹፌር አጠገቤ መጥቶ ቆመ። "ወንድሜ፣" አለኝ በሐዘን፣ "ብቻዬን ብሰምጥ ይሻለኝ ነበር።"

እማማን ተሳፋሪዎቹ ደግፈው አወረዷቸው። አልተጎዱም፤ እግዜር ይመስገን። ግን ወዲያው ዝናቡ ወረደ፣ ያ የሰኔ ዝናብ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ሱቆቹ ጥግ ሮጠ። እማማ መንገዱ ዳር ጃንጥላውን እንደታቀፉ ቆሙ። ውሃው ከነጠላቸው ላይ ይወርዳል።

አንዲት ሴትዮ "ውይ እማማ፣ ጃንጥላ ይዘው ይበሰብሳሉ እንዴ? ይዘርጉት እንጂ!" አለቻቸው።

"የኔ አይደለም" አሉ።

"የማን ነው ታዲያ?"

"የሚካኤል ነው። የሚያደርስለት ሰው ጠፍቶ ነው።"

ሰማኋቸው። ከቁጣ ጋር ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ተራ ወሬ ነው ያወሩት። ሆዴ ላይ ያ የተሰፋው ቦታ ያመመኝ መሰለኝ። ሮጬ ኮቴን ላለብሳቸው ፈለግሁ፤ እግሬን ብነቅል ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ዝናቡ ሲያባራ ተሳፋሪው ተመልሶ ወጣ። ሱሪ ተሰበሰበ፣ "ሆ!" ተባለ፣ ታክሲው በሰው እጅ ተገፍቶ ወጣ። የኔ ተራ ሲደርስ ገመዱ ተጠላልፎ አልፈታ አለ። ገመዱን ስፈታ፣ ጫማዬን ስፈልግ፣ እማማ ወደ ታክሲው ሲሄዱ አየኋቸው።

"ልጄ፣ ወዴት ነህ?" አሉት ሹፌሩን።

"መገናኛ ነኝ እማማ።"

"ከመገናኛ ላምበረት የሚሄድ አለ? የአውቶቡሱ መነሻ?"

"ሞልቷል። ይግቡ፣ ጋቢና ይግቡ።"

"እማማ!" አልኩ በአንድ ጫማ ቆሜ። "የት ነው? አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ እንጂ!"

በመስኮት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። "አንተ አጥና፤ እኔ ደርሼ ልምጣ" አሉኝ፤ ታክሲውም ሄደ።

ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አቶ ካሳዬና ሐጂ ሰይድ ተያይዘው መጥተው፣ በሰው ተገፍታ ግቢ የገባችውን ፊት የሌላትን ኮንዶሚኒየም ከበው ቆሙና ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሮማን ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ቃል አታወጣም። የእማማ ስልክ አይሠራም። አንድ ደቂቃ መቀመጥ አልቻልኩም። በሬው ይታየኛል። ያ ጭራውን ጎትተው ያወጡት በሬ። በእሱ ቦታ እማማ ይታዩኛል፣ ጃንጥላውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ ዋልካው እስከ ወገባቸው። አቤቱ ጌታዬ፣ እኔ በትርፍ አንጀቴ ሞቼ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር እያልኩ ከካዛንቺስ ኦሎምፒያ እመላለሳለሁ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት የግቢው በር ተከፈተና እማማ ገቡ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። ንጹሕ ነው። የኔ ገና የኡራኤል ጭቃ አለበት፣ የሳቸው ግን ያበራል። ቀጥዬ ያየሁት ብብታቸው ሥር ያለውን ነው። ጃንጥላው! በላስቲክ እንደተጠቀለለ።

"እማማ! አልደረሱም?"

"ለምን አልደርስም? አውቶቡሱ ደጀ ሰላሙ ድረስ ይገባል።"

"ቁልቁለቱስ? ዋልካውስ?"

"መንገዱማ ጠጠር ለብሶ አስፋልት መስሏል። መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ አንተ የታመምክ ዓመት ነው አሉኝ።" ነጠላቸውን አራገፉ። "ከዚህ እስከ መንዝ ጭቃ ያየሁት ኡራኤል ብቻ ነው።"

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ያን ሁሉ ዛፍ ለክቼ፣ ካስማ መርጬ፣ ባትሪ ቆጥሬ፣ መንገዱ እንዴት ነው ብሎ አንድ መንዜ መጠየቅ አልመጣልኝም። እኛ ክፍል ጥናት የሚጀመረው ከወንበር ነው፤ የሚያልቀውም እዚያው ነው።

"ታዲያ ጃንጥላውን ለምን መለሱት?" አልኩ በመጨረሻ።

"እኔ ጃንጥላ አመጣለሁ ብዬ ነው እንዴ የተሳልኩት? አስይዤ አቆመዋለሁ ነው ያልኩት። ጃንጥላው ደረሰ፣ የሚይዘው ሰው የለም። ዘመዱ ሁሉ 'ያ የዳነው ልጅ የታለ?' ይለኛል። ምን ልበል? ቦይ ውስጥ ነው ልበል?"

"እና ምን አሉ?"

"ምን እላለሁ? ደጁ ላይ ቆሜ ይቅርታ ለመንኩልህ። ቀጠሮ አራዝምልን አልኩት። ለኅዳር አሻገረልን።"

"በሰኔ የተለመነ በሰኔ ይገባል ብለው አልነበር እማማ?"

"እኔ ነኛ ያልኩት። እሱ መች አለ?"

አፈርኩ። በሕይወቴ ብዙ አፍሬ አውቃለሁ፣ እንደዚያን ቀን ግን አላፈርኩም። እኚህ እርጅና የተጫናቸው ሴት ለእኔ ሲሉ በወገናቸው ፊት ባዶ እጃቸውን ቆመው፣ ጃንጥላ ታቅፈው ባዶ እጃቸውን፣ ከመልአክ ቀጠሮ ለምነው መጡ። ሮማን በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው። አቶ ካሳዬ ከቧንቧው ጋ ባልዲያቸው ሞልቶ ሲፈስ ጆሯቸውን ወደ እኛ አድርገዋል።

"አሁን ንገረን" አለች ሮማን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያናገረችኝ ገና አሁን ነው። "ትሄዳለህ፣ አትሄድም?"

አፌን ከፈትኩ። "ጉዳዩ..." ልል ነበር። እማማ ጃንጥላውን ክንዴ ላይ አስቀመጡት። ከባድ ነው ለካ። ይህን ያህል ጊዜ አብሮን ኖሮ አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም ነበር።

"እሄዳለሁ" አልኩ።

"በምን?" አሉ አቶ ካሳዬ ከዚያ ማዶ።

"በአውቶቡስ" አሉ እማማ።

ዊንቹን ለሐጂ መለስኩ፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኮንዶሚኒየሟ ያለ ፊት ቆማለች፤ የግቢው ሰው አሁን ልብስ የሚያሰጣው በሁለቱም ጎኗ ነው። እነሆ ኅዳር ደርሷል፣ ሮማን ትኬቱን ቆርጣለች። ሁሉ ነገር አልቋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ልቀመጥ ወይስ በመተላለፊያው በኩል? በመስኮቱ በኩል አገር ይታያል፤ ግን ፀሐይ አለ። በመተላለፊያው በኩል እግር ይዘረጋል፤ ግን ሰው ይረግጣል። ሦስት ቀን ከወዲያ ወዲህ ስል ከርሜ ዛሬ ጠዋት እማማን አማከርኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "መስኮቱ ጋ ጃንጥላው ነው የሚቀመጠው" አሉኝ።